በአብዛኛው አስፋልት ላይ ለሚነዳ አድቬንቸር ሞተር ሳይክል ጎማ ስለመምረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ከአዲስ አበባ ተነሥተው ረጅም መንገድ የሚጓዙ ሞተረኞች ጎማ ሊቀይሩ ሲነሡ ደጋግመው የሚያነሷቸው ሲሆኑ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተቀምጠዋል።

የአድቬንቸር ጎማ ከተራ የአስፋልት ጎማ በምን ይለያል?

አድቬንቸር ሞተር ሳይክል የሚባለው አስፋልትም ኮረኮንችም ላይ እንዲነዳ የተሠራ ሞተር ነው፤ ጎማውም መጀመሪያ በመጠን ይለያል። የአድቬንቸር ሞተር ሳይክል የፊት ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ 19 ወይም 21 ኢንች ነው፤ የኋላው ደግሞ 17 ወይም 18 ኢንች ይሆናል። ለምሳሌ ቢኤምደብልዩ አር 1250 ጂኤስ ከፊት 19 ኢንች፣ ያማሃ ቴኔሬ 700 እና ሮያል ኢንፊልድ ሂማላያን 411 ደግሞ 21 ኢንች ናቸው። ዛሬ የሚሠሩት የአስፋልት ሞተሮች በብዛት ፊታቸውም ኋላቸውም 17 ኢንች ስለሆነ የአንዱ የፊት ጎማ ለሌላው አይገጥምም። ትልቁ ቸርኬ ጉድጓድና ድንጋይ በቀላሉ ይሻገራል፤ በአንጻሩ ኩርባ ላይ ለመጋደም ትንሽ ይዘገያል።

ሁለተኛው ልዩነት ጥርሱ ላይ ነው። የአስፋልት ጎማ ገጽታው በአብዛኛው ሙሉ ላስቲክ ሆኖ ውሃ የሚያስወጡ ቦዮች ብቻ የተቀረጹበት ሲሆን፣ በአድቬንቸር ጎማ ላይ ግን ቦዮቹ እየሰፉ፣ ጥርሶቹም እየተለያዩ ይሄዳሉ። በጥርሶቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ በሰፋ መጠን ጎማው አፈርና ጠጠር ይበልጥ ይነክሳል፣ አስፋልቱን የሚነካው ላስቲክ ግን ያንሳል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከዚህ የሚነሡ ናቸው።

90/10፣ 80/20፣ 50/50 ሲባል ምን ማለት ነው? ለእኔ የሚስማማውስ የትኛው ነው?

የመጀመሪያው ቁጥር ጎማው በመቶኛ ምን ያህል ለአስፋልት፣ ሁለተኛው ደግሞ ምን ያህል ከአስፋልት ውጭ ላለ መንገድ እንደታሰበ ያመለክታል። ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ነው፤ ሁሉም የሚመሩበት የጋራ መለኪያ ስለሌለ የአንዱ 80/20 ከሌላው 80/20 ጋር እኩል ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ጥቆማ ወስዶ የጎማውን ጥርስ በዓይን ማየት ይገባል።

ለመምረጥ የሚረዳው ያለፉትን ስድስት ወራት ማስታወስ ነው። የሄዱበትን ኪሎ ሜትር ለሁለት ከፍለው ይጻፉት፦ አስፋልትና ኮብል ስቶን በአንድ በኩል፣ ፒስታና ኮረኮንች በሌላ በኩል። ብዙ ሞተረኛ ይህን ሲሠራ ከአስፋልት የወጣበት መንገድ ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አለመሙላቱን ያያል። ያም አንዱ እጅ ሚኒባስና አይሱዙ የሚመላለስበት ደረቅ ጠጠር ከሆነ 90/10 ጎማ ያለ ችግር ይወጣዋል። በየሳምንቱ ወደ ገጠር የሚወጣና መጥፎ ኮረኮንች የሚገጥመው ሰው 80/20 ቢወስድ ይጠቀማል። 50/50 የሚያስፈልገው በእውነት ግማሹን መንገድ ከአስፋልት ውጭ ለሚነዳ ሰው ነው።

ጭቃ ለብቻው መታየት አለበት። ዝናብ የጠጣ ዋልካ አፈር 90/10 ጎማን በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ይለብጠዋል፤ 80/20 ጎማንም እንዲሁ። 50/50 ጎማ እንኳ ዋልካ ላይ የሚቆየው ጥርሶቹ መካከል የገባውን ጭቃ እየወረወረ እስከሄደ ድረስ ብቻ ነው። በዓመት ሁለት ቀን ለሚገጥም ጭቃ ብሎ ዓመቱን ሙሉ አስፋልት ላይ የማይመች ጎማ ይዞ መዞር ተገቢ አይመስለኝም።

በጎማው ጎን ላይ ያሉት ቁጥሮችና ፊደላት ምን ይነግሩኛል?

«150/70 አር 17፣ 69 ቪ» የሚል የኋላ ጎማ እንውሰድ፤ ፊደላቱ ጎማው ላይ የሚታተሙት በላቲን ነው። 150 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 70 የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ መሆኑን፣ «አር» ራዲያል (የውስጥ ክሮቹ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ቀጥ ብለው የተዘረጉ) መሆኑን፣ 17 ደግሞ የቸርኬውን መጠን በኢንች ይናገራል። 69 የሚሸከመው ክብደት መለያ ሲሆን 325 ኪሎ ግራም ማለት ነው። «ቪ» እስከ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት ፍጥነት እንደሚችል ያሳያል።

ገዢዎች ዓይናቸው ቶሎ የሚሄደው ወደ ፍጥነቱ ፊደል ነው፤ ለእኛ መንገድ ግን ይበልጥ መታየት ያለበት የክብደቱ ቁጥር ነው። ሁለት ሰው፣ ሁለት የጎን ሳጥን፣ ድንኳንና ውሃ የተጫነበት ትልቅ ሞተር ሳይክል አብዛኛው ጭነቱ የኋላ ጎማ ላይ ያርፋል። የሞተሩ መመሪያ ከሚያዝዘው የክብደት ቁጥር ዝቅ ያለ ጎማ በምንም ምክንያት አይግጠሙ፤ ከፍ ያለ ቢሆን ግን ጉዳት የለውም። ጥርሳቸው የጎላ ጎማዎች ብዙ ጊዜ የፍጥነት ፊደላቸው ዝቅ ይላል፤ 160 ኪሎ ሜትር ብቻ የተፈቀደላቸውም አሉ።

ጎማው መቼ እንደተመረተ እንዴት አውቃለሁ?

በጎማው ጎን ላይ፣ በሞላላ ክብ ውስጥ አራት አሃዞች ታትመዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። «2315» የሚል ካለ በ2015 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ በጣም መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ስላጋጠመኝ ነው። በ2016 ዓ.ም. የኋላ ጎማ ልገዛ የገባሁበት ሱቅ ውስጥ ሻጩ ጎማውን አዙሮ ጣቱን ቁጥሩ ላይ አሳርፎ «የ2015 ነው፣ ገና ዓመቱ ነው» አለኝ። ሰውየው ሊያታልለኝ አልፈለገም፤ የሚያውቀውን አቆጣጠር አነበበ። ጎማው ግን የተመረተው በግንቦት 2007 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ስለነበር ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። ጥርሶቹ አዲስ፣ ትንንሾቹ የላስቲክ ፀጉሮች እንኳ ያልተነኩ ነበሩ። ወደ ብርሃን አውጥቼ ቦዩን በሁለት አውራ ጣቶቼ ገለጥ ሳደርገው ግን ሥሩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ተሰልፈው አየሁ፤ ጥፍሬን ብጫነውም ላስቲኩ አልጎደጎደም።

ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ ሳምንቱ ከ36 ካልበለጠ ከዓመቱ ላይ 8 ይቀንሱ፤ ከ37ኛው ሳምንት ጀምሮ ከሆነ መስከረም ስለጠባ 7 ይቀንሱ። በጥላ ሥር በአግባቡ የተቀመጠ የሁለትና የሦስት ዓመት ጎማ ምንም አይጎድለውም። ጎማ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተመረተ አሥር ዓመት ከሞላው ደግሞ ጥርሱ ምንም ያህል ቢቀር እንዲቀየር ሚሽሊንን የመሰሉ አምራቾች ይመክራሉ። እኔ ለሞተር ሳይክል ከአምስት ዓመት በላይ የሆነውን ጎማ በግማሽ ዋጋም አልገዛም።

ያገለገለ ጎማ ብገዛስ?

አልመክርም። ያገለገለ ጎማ ከውስጥ ተለጥፎ እንደሆነ፣ ንፋስ ሳይኖረው ተነድቶ ሽቦው ተጎድቶ እንደሆነ ከውጭ ሲያዩት አይታወቅም። የግድ ከሆነ ከቸርኬው የወጣውን ጎማ ውስጡን በእጅ ዳብሰው፣ ቀኑን አንብበው፣ መሃሉ ጠፍጣፋ አለመሆኑን አይተው ይወስኑ።

ስም ጠቅሰው የሚመክሩት ጎማ አለ?

ለአስፋልት ካደሉት መካከል ሚሽሊን አናኪ ሮድ፣ ሜትዘለር ቱራንስ ኔክስት 2፣ ፒሬሊ ስኮርፒዮን ትሬይል 2፣ ብሪጅስቶን ባትላክስ ኤ41 እና ኮንቲኔንታል ትሬይል አታክ 3 ይጠቀሳሉ። ከእነዚህ አንድ እርምጃ ወደ ጠጠር ጠጋ ያለው ሚሽሊን አናኪ አድቬንቸር ሲሆን አምራቹ 80/20 ይለዋል። ፒሬሊ ስኮርፒዮን ራሊ ኤስቲአር እና ኮንቲኔንታል ቲኬሲ 70 ጥርሳቸው ጎላ ይላል፤ ቲኬሲ 80 ደግሞ ባለ ትልልቅ ጥርስ ነው። ሚታስ ኢ-07 እና ሄዴናው ኬ60 ስካውት ረጅም ጉዞ የሚሄዱ ሰዎች ስለ ዕድሜያቸው የሚመርጧቸው ናቸው።

እዚህ አገር ግን የፈለጉትን ጎማ በፈለጉት ቀን ማግኘት ስለማይቻል፣ ከስሙ ይልቅ ዓይነቱን፣ መጠኑን፣ የክብደት ቁጥሩንና ቀኑን ማስቀደም ይሻላል። ትክክለኛ መጠን ያለው የአንድ ዓመት ጎማ ስሙ ገናና ከሆነ የስምንት ዓመት ጎማ እጅግ ይበልጣል። ከውጭ የሚያስመጣልዎ ዘመድ ካለ ደግሞ ቀኑን ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልዎ አስቀድመው ይንገሩት።

ክረምት ላይ አስፋልቱ ያንሸራትተኛል፤ ትልልቅ ጥርስ ያለው ጎማ ባስገባ አይሻልም?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ የሚደጋገም ሲሆን፣ የተሳሳተው መልስ ሰው ስለሚጥል በሰፊው መመለስ ያስፈልገዋል። ትልልቅ ጥርስ ጭቃ ላይ የሚይዘው መሬቱ ለስላሳ ስለሆነና ጥርሱ ስለሚሰምጥበት ነው። አስፋልት ውስጥ ግን ምንም ጥርስ አይሰምጥም። እርጥብ አስፋልት ላይ የሚይዘው የላስቲኩ ቅመምና መንገዱን የሚነካው የላስቲክ መጠን ነው፤ የቦዮቹ ሥራ ውሃውን ከመሃል ገፍቶ ማውጣት ነው። ዘመናዊዎቹ 90/10 ጎማዎች ቅመማቸው ውስጥ ሲሊካ የሚገባው በብርድና በዝናብ ጊዜ ላስቲኩ ለስላሳ ሆኖ እንዲቆይ ነው። ረጃጅም ጥርሶች ደግሞ ፍሬን ሲያዝ ወደ ኋላ ይተኛሉ፤ ሞተሩ ሲጋደምም ይወላገዳሉ።

አንድ ሐምሌ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ባለ ትልልቅ ጥርስ ጎማ ገጥሜ ነበር። ካፊያ ብቻ ነበር፤ ፍጥነቴም 60 አይሞላም። ከመንገዱ ዳር ሁለት ጭነት የያዙ አህዮች ሳይታሰብ ወደ መሃል ገቡ። የፊቱን ፍሬን ስይዝ መሪው በእጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ቀለል አለ፤ የፊት ጎማ መያዙን ሲተው የሚሰማው ቅለት ነው። ፍሬኑን ለቅቄ፣ መልሼ በቀስታ ይዤ፣ ከሁለተኛዋ አህያ ኋላ በክንድ ርቀት አለፍኩ። በዚያው ሳምንት ጎማዎቹን አወጣኋቸው።

መንገዱም የራሱ ድርሻ አለው። ከረጅም ደረቅ ወራት በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመውን አቧራና ከከባድ መኪና የሚንጠባጠበውን ዘይት አንሥቶ እንደ ሳሙና ያደርገዋል፤ ዝናቡ በደንብ ካጠበው በኋላ መንገዱ የተሻለ ይይዛል። መኪና ያለሰለሰው ኮብል ስቶን፣ የመንገድ ቀለምና የብረት ክዳን በየትኛውም ጎማ ያንሸራትታሉ፤ ፍሬን እነሱ ላይ ከመድረስዎ በፊት ተይዞ ማለቅ አለበት። መላጣ ጎማ ደግሞ ውሃ የሚያወጣበት ቦይ የለውም። ጀርመንን በመሰሉ አገሮች ሕጉ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት ከ2 ሚሊ ሜትር በታች የደረሰውን ጎማ ቢቀይሩ እመክራለሁ።

የእኔ ሞተር የውስጥ ጎማ ያለው ነው፤ ቱብለስ (ያለ ውስጥ ጎማ የሚሠራ ጎማ) መግጠም እችላለሁ?

ወሳኙ ቸርኬው ነው። የሽቦ ቸርኬ በአብዛኛው ሽቦዎቹ መሃሉን ስለሚበሱት ንፋስ አይዝም፤ በዚህ ዓይነት ቸርኬ ላይ ቱብለስ የሚል ጎማ ቢገጠምም ውስጡ የውስጥ ጎማ መግባት አለበት። ቴኔሬ 700 እና ሂማላያን 411 እንዲህ ያሉ ናቸው። ሽቦዎቹ ከቸርኬው ጠርዝ ጋር የተያያዙበት አሠራር ያላቸው፣ ለምሳሌ ባለ ሽቦ ቸርኬው ቢኤምደብልዩ ጂኤስ፣ ያለ ውስጥ ጎማ ይሠራሉ።

ልዩነቱ የሚታወቀው ምስማር ሲወጋ ነው። ቱብለስ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፤ ጎማው ሳይወልቅ ቀዳዳውን በሚደፍን የጎማ ገመድ መንገድ ዳር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይደፈናል። የውስጥ ጎማ ግን ባንድ ጊዜ ሊተነፍስ ይችላል፤ ለመለጠፍም ጎማውን ማውለቅ ግድ ነው። የውስጥ ጎማ ያለው ሞተር የሚነዱ ከሆነ ትርፍ የውስጥ ጎማ ይያዙ፤ የ21 ኢንች የፊት ጎማ በትናንሽ ከተሞች ያሉ ጎሚስታዎች ጋር ላይገኝ ይችላል።

ጎማው ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?

በትልቅ ሞተር ሳይክል ላይ ለአስፋልት ያደላ የኋላ ጎማ ብዙ ጊዜ ከ8,000 እስከ 12,000 ኪሎ ሜትር፣ ባለ ትልልቅ ጥርሱ ደግሞ የዚህን ግማሽ ያህል ይሄዳል፤ የፊቱ ከኋላው ይበልጥ ይቆያል። ጭነት፣ የንፋስ ማነስና ሻካራ አስፋልት ይህን በብዙ ይቀንሱታል። አዲስ ጎማ ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያዎቹን 200 ኪሎ ሜትር ያህል ኩርባ ላይ ሳይጋደሙ በቀስታ ይንዱ፤ ገጽታው ገና ለስላሳና አንሸራታች ነውና።

ንፋስ ስንት ልሙላ? ከደጋ ወደ ቆላ ስወርድስ መቀየር አለብኝ?

መነሻው የሞተሩ መመሪያ ነው። ለቢኤምደብልዩ አር 1250 ጂኤስ ከፊት 2.5 ባር፣ ከኋላ 2.9 ባር ነው፤ ይህም በሌላው የግፊት መለኪያ 36 እና 42 ፒኤስአይ ገደማ ይሆናል። የሚለካው ጎማው ሲቀዘቅዝ፣ ጠዋት ከመነሣትዎ በፊት ነው። የጎሚስታው መለኪያ ትክክል ላይሆን ስለሚችል የራስዎን ትንሽ መለኪያ ይያዙ።

ከፍታን በተመለከተ፣ መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር የሚበልጥበትን መጠን ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርዱ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ታች ያለው አየር ስለሚከብድ በዚህ ምክንያት ብቻ መለኪያው 2 ፒኤስአይ ያህል ዝቅ ይላል። በሌላ በኩል በረሃው ይሞቃል፤ ጎማውም ቁልቁለቱ ላይ በፍሬን ይግላል፤ ሙቀት ደግሞ ግፊቱን ይጨምራል። ሁለቱ በአብዛኛው ስለሚጣጣሉ ለአንድ ቀን መውረድና መውጣት ምንም መንካት አያስፈልግም።

ቆላ የሚያድሩ ከሆነ ግን በማግስቱ ጠዋት እዚያው ለክተው ያስተካክሉ። ትልቁ ስሕተት በቀትር፣ ጎማው በጋለበት ሰዓት ለክቶ «በዝቷል» ብሎ ማስተንፈስ ነው። ማታ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ከሚገባው በታች ይወርዳል፤ በማግስቱ ያ ጎማ ከጭነት ጋር ሲሄድ ጎኑ እየታጠፈ ከመጠን በላይ ይግላል።

ከፊት አንድ ዓይነት፣ ከኋላ ሌላ ዓይነት ማድረግ ይቻላል?

ከፊት ባለ ትልልቅ ጥርስ፣ ከኋላ ለአስፋልት ያደላ የሚገጥሙ አሉ። ሐሳባቸው ጠጠር ላይ የኋላው ቢንሸራተት ይመለሳል፣ የፊቱ ከተንሸራተተ ግን ይጥላል የሚል ነው፤ ለጠጠርም እውነት ነው። ነገር ግን አስፋልት ላይ አብዛኛውን የፍሬን ሥራ የሚሠራው የፊት ጎማ ስለሆነ፣ ብዙውን ጊዜ አስፋልት ላይ ለሚውል ሰው ይህ አሠራር ደካማውን ጎማ ከሁሉ በላይ በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል። በተጨማሪም የፊት ጎማ ትልልቅ ጥርሶች በፍሬን ብዛት በአንድ በኩል ብቻ እየተበሉ እንደ መጋዝ ይሆናሉ፤ ያኔ መሪው ይነዝራል፣ ጎማውም ይጮኻል።

የኋላው ብቻ አልቆ ከሆነ ያንኑ ዓይነት መግዛትና የፊቱን ማቆየት ይቻላል። ራዲያልና ራዲያል ያልሆነን ማደባለቅ ግን የሞተሩ ወይም የጎማው አምራች ካልፈቀደ መደረግ የለበትም።

መንገዴ አብዛኛው አስፋልት ነው፣ መጨረሻው ግን ኮረኮንች ነው፤ ለአንድ ጉዞ ብዬ ጎማ ልቀይር?

የባሌን መንገድ እንውሰድ። ከአዲስ አበባ ጎባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ አስፋልት ነው። ከጎባ ወደ ሳነቴ አምባ ሲወጡ ከ4,000 ሜትር ከፍታ በላይ የሚያልፍ የጠጠር መንገድ ይጀምራል፤ ከአምባው ማዶ በሐረና ደን ውስጥ ወደ ዶሎ መና ይወርዳል። በበጋ ከሆነ ጎማ መቀየር አያስፈልግም። ጎባ ላይ ከፊትም ከኋላም 5 ወይም 6 ፒኤስአይ ቀንሰው፣ ፍጥነትዎን ዝቅ አድርገው፣ በእግር መርገጫው ላይ ቆመው ቢነዱ 90/10 ጎማ ያደርስዎታል። የውስጥ ጎማ ካለው 3 ፒኤስአይ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ካነሰ ድንጋይ ሲመቱ የውስጥ ጎማው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጦ ይበሳል።

በክረምት ግን የሐረናው ቁልቁለት ጭቃ ስለሚሆን ከሳነቴ መመለስ ወይም ጉዞውን ለበጋ ማሳደር ይሻላል። ሲመለሱ ጎባ አስፋልቱ ላይ ከመውጣትዎ በፊት የቀነሱትን ንፋስ መልሰው መሙላት አለብዎት፤ ለዚህም ከሞተሩ ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ወይም የእጅ መንፊያ ሳጥንዎ ውስጥ ይኑር።